ሰርቨር ከመግዛታችሁ በፊት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ የትዕዛዞች ገጹ ተንቀራፎ ያስቸገረው አንባቢ ረጅም ደብዳቤ ልኳል። ባጭሩ፦ ራም ጨመረ፣ ትልቅ ሰርቨር ተከራየ፣ ለውጥ የለም። ገጹ ሲጎተት ፕሮሰሰሩ 10 በመቶ እንኳ አይሠራም። አሁን ፕሮግራሙን በሌላ ቋንቋ እንደ አዲስ ሊጽፈው አስቧል።

መልስ፦ ኧረ ተው ወንድሜ! እስካሁን ያወጣኸው ገንዘብ ሁሉ በግምት የወጣ ነው። መልሱ ደግሞ እዚያው ደብዳቤህ ውስጥ አለ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ገጹ ከዘገየ፣ ፕሮግራምህ እየሠራ አይደለም፤ እየጠበቀ ነው። የሚጠብቅን ፕሮግራም ፈጣን ፕሮሰሰር አያፈጥነውም፤ አዲስ ቋንቋም እንደዚያው።

ማንን ነው የሚጠብቀው? ብራውዘርህ ላይ የኔትወርክ መመልከቻውን ክፈትና ገጹን እንደገና ጫን። የመጀመሪያው ባይት (ከሰርቨሩ የሚደርሰው የመጀመሪያው ቁራጭ መረጃ) ራሱ ከዘገየ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ሰርቨሩ ጋ ነው። ባይቱ ቶሎ መጥቶ ገጹ ከተጎተተ ግን ምስሎችህንና ጃቫስክሪፕትህን ጠርጥር።

ሰርቨሩ ጋ ከሆነ፣ ገጹ አንዴ ሲከፈት ስንት ኩዌሪ (የመረጃ ጥያቄ) ወደ ዳታቤዙ እንደሚሄድ ቁጠር። እኔ የምጠረጥረው «ኤን ፕላስ ዋን» የሚሉትን ነው። 100 ትዕዛዞችን በአንድ ኩዌሪ ታመጣለህ። ከዚያ ሉፕ (ድግግሞሽ) ውስጥ ገብተህ የእያንዳንዱን ደንበኛ ስም ለየብቻ ትጠይቃለህ። 101 ኩዌሪ ሆነ ማለት ነው። አንዱ 5 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ግማሽ ሰከንድ አለቀ፤ አድራሻና ክፍያ በዚያው መንገድ ሲጨመሩ አስበው። ተንኮሉ እያንዳንዱ ኩዌሪ ለብቻው ፈጣን መሆኑ ነው። ስለዚህ የዘገዩ ኩዌሪዎች መዝገብ ላይ አታገኘውም። ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ መዝገቡን ብታበራው እንኳ፣ ቅንብሩን ካልቀየርክ የሚይዘው ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ ነው።

መፍትሔው ጆይን (ሁለቱን ሠንጠረዦች በአንድ ኩዌሪ ማጣመር) ነው፤ ወይም ስሞቹን ሁሉ በአንድ ኩዌሪ ማምጣት። ጃንጎ (የፓይተን የድረ ገጽ መሥሪያ) ከሆነ የምትጠቀመው «ሰሌክት ሪሌትድ» ለዚሁ የተሠራ ነው። ቋንቋውን መቀየር አሁንም ካማረህ፣ የኮምፒውተር መሐንዲሱ ጂን አምዳል በ1967 ያነሳውን ነጥብ አስብ፦ ከጠቅላላው ጊዜ 5 በመቶ የሚወስደውን ክፍል ጭራሽ ብታጠፋው እንኳ የምታተርፈው 5 በመቶ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «ሁሉም የዳታቤዝ ኮለም (ዓምድ) ላይ ኢንዴክስ ባደርግ አልገላገልም?»

መልስ፦ አትገላገይም። ኢንዴክስ እንደ መጽሐፍ ማውጫ ፍለጋን ያፈጥናል፤ ግን መረጃ በተጻፈ ቁጥር ኢንዴክሶቹም አብረው ይታደሳሉ፤ መጻፉ ይዘገያል። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ላይ የዘገየውን ኩዌሪ፣ ጊዜው የት እንደጠፋ በሚያሳየው በ«ኤክስፕሌን አናላይዝ» ትዕዛዝ እዪው። ብዙ ረድፍ አንብቦ ጥቂት ብቻ የሚመልስ ከሆነ፣ የሚያጣራበት ኮለም ላይ ኢንዴክስ ሞክሪ። ትዕዛዙ ኩዌሪውን የምር እንደሚያስኬደው ግን እንዳትረሺ። በዴሊት (መረጃ በሚሰርዝ ኩዌሪ) ላይ ሞክረሽው እንዳታለቅሺ!

ጥያቄ፦ ላይትሃውስ (ለድረ ገጽ ከ100 ነጥብ የሚሰጠው የጉግል መለኪያ) ላይ 100 ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም የሚል አለ።

መልስ፦ ተኛ።

ጥያቄ፦ አማካይ የምላሽ ጊዜያችን 300 ሚሊሰከንድ ነው፣ ደንበኞች ግን ያማርራሉ፤ እያጋነኑ ይሆን?

መልስ፦ አያጋንኑም። ከ100 ሰው 95ቱ በ100 ሚሊሰከንድ፣ 5ቱ ደግሞ በ4 ሰከንድ ቢስተናገዱ አማካዩ 295 ነው። እነዚያ አምስቱ ናቸው የሚደውሉላችሁ። 95ኛውንና 99ኛውን ፐርሰንታይል (95 ወይም 99 በመቶው ሰው እስከዚያ ጊዜ ድረስ የተስተናገደበትን ልክ) ተመልከቱ።

ጥያቄ፦ ገጾቹን ሁሉ ካሽ አድርገን (አንዴ የተዘጋጀውን ገጽ አስቀምጠን ለሚቀጥለውም እየሰጠን) በጣም ፈጠነ። አንድ ደንበኛ ግን የሌላ ሰው አካውንት አየሁ ብሏል። ቀስ ብለን ብናየው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው! ይህ የፍጥነት ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል፤ የሰው ምስጢር እየወጣ ነው። የግል ገጾችን ካሽ ማድረጉን አሁኑኑ አጥፉ፣ የተቀመጠውንም አጽዱ። ከዚያ የደኅንነት ባለሙያ ጥሩ። «ነገ» አትበሉ። ሎጎቹንም (የሰርቨሩን የክንውን መዝገቦች) አትሰርዙ፤ ማን የማንን እንዳየ የሚታወቀው ከእነሱ ነው።

ጥያቄ፦ ምስሎቼን በሙሉ ሌዚ ሎዲንግ (ሲደረስባቸው ብቻ የሚጫኑ) አድርጌ፣ ከላይ ያለው ትልቁ ምስል ይበልጥ ዘገየ።

መልስ፦ እሱን ከሌዚው አውጪው። ሌዚ የሚሆነው ወደ ታች ሲወረድ ለሚታዩት ነው። ጉግል ትልቁ ይዘት በ2.5 ሰከንድ ውስጥ እንዲታይ ይመክራል። ከዚያ በላይ ከቆየ የምስሉን መጠን ቀንሺ፤ እምቢ ካለ የፍሮንትኤንድ (የገጹን የሚታይ ክፍል የሚሠራ) ሰው ይየው።