ውስጥ እግር ላይ ያለ ጥቁር ነጥብ ሲለወጥ፦ ለእህታችን ጥያቄ የኔ መልስ

ሰላም እህቴ። ዘግይተው ለሚያነቡ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። ከልጅነትሽ ጀምሮ ውስጥ እግርሽ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለችሽ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ሰፍታለች፣ ጠርዟም ተዘበራርቋል። አታምም፣ አታሳክክም። ባለቤትሽ «ጫማ ነው» ይላል። እናትሽ «ማርያም የሳመችሽ ናት፣ አትነካኪያት» ይላሉ። ጓደኛሽ ደግሞ አንድ ሳሎን አቃጥለው እንደሚያነሱልሽ ነግራሻለች። ልጠብቅ ወይስ ሐኪም ጋ ልሂድ? ከሄድኩስ የት? ናሙና ከወሰዱልኝስ ልጆቹን እንዴት አደርጋለሁ? ነው ያልሽው።

ሂጂ። ዛሬ ነገ አትበይ፤ እንዲህ የምትለወጥ ነጥብ የቆዳ ካንሰር ልትሆን ትችላለች። ሳሎኑን ግን ጭራሽ እርሺው፤ ለምን እንደሆነ እነግርሻለሁ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ተረከዜ ላይ ተመሳሳይ ነገር ወጥቶብኝ፣ ተቆርጦ፣ ተመርምሮ፣ ዛሬ በሁለት እግሬ ቆሜ የማስተምር ሰው ነኝ። የምነግርሽ ያለፍኩበትንና በዚያ ሰሞን ሐኪሞቹን እየነዘነዝኩ የተረዳሁትን ነው።

መጀመሪያ «አያመኝም» ያልሽውን ልያዝ። ብዙ ሰው በዚህ ምክንያት ነው ቤቱ የሚቀመጠው። የቆዳ ካንሰር መጀመሪያው ላይ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የኔም አላመመኝም። ቀኑን ሙሉ ቆሜ እየዋልኩ አንድ ቀን እንኳ ቆርቁሮኝ አያውቅም። ያየሁት ተረከዜን በድንጋይ ስፈገፍግ ነው። አንዱ ጋ ጥቁር፣ አንዱ ጋ ፈዘዝ ያለ ቡናማ የሆነ ነገር። ቆሻሻ መስሎኝ ፈገፈግኩት፤ አልለቀቀም። በሳምንቱም እዚያው ነበር። ነርስ የሆነች የአክስቴ ልጅ «የአንድ ብር ሳንቲም አጠገቡ አድርጊና ፎቶ አንሺው» አለችኝ። ሳንቲሙ መለኪያ ነው። ያለ እሱ ስልኩ ቀረብ ራቅ ባለ ቁጥር ሰፋ ጠበበ እያልሽ ስትወዛገቢ ትኖሪያለሽ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደግሜ ሳነሳው ወደ እግሬ ጎን በኩል ተስቦ ነበር። በቃ፣ ሄድኩ።

አንቺ ግን ፎቶ እያነሳሽ መጠበቅ አያስፈልግሽም። ለውጡን አይተሽዋል። አንድ ጊዜ አንሺና ይዘሽ ሂጂ፤ የድሮ ፎቶ ካለሽማ በጣም ጥሩ።

ባለቤትሽ ጫማ ነው ማለቱ ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ጠባብ ጫማ ወይም ረጅም መንገድ ቆዳ ስር ደም ያቋጥራል፤ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ግን ደም ከሆነ ቆዳው ሲታደስ አብሮ እየተላጠ በሳምንታት ውስጥ ይሄዳል። ከክረምት እስካሁን አይቆይም፤ እየሰፋም አይመጣም። የሚቆየው ጥፍር ስር ሲሆን ነው። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ሙሉ በሙሉ ለመቀየር ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል። እሱም ቢሆን ጥፍሩ ሲያድግ ደሙ ወደፊት ይገፋል፣ ከኋላው ንጹህ ጥፍር ይከተላል። ካልተከተለ ያጠራጥራል።

ጥፍር ካነሳን አይቀር፣ መስቀል አደባባይ ወጥተን በ1997 ዓ.ም. 60ኛ ዓመት ልደቱን ያከበርንለት ቦብ ማርሌይ የሞተው በዚህ ነው። የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ጥፍር ስር የነበረው ነገር የኳስ ጉዳት ተብሎ ታልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1977 ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ በ1981 ሲያርፍ ገና 36 ዓመቱ ነበር። ይህን ያነሳሁት ላስፈራሽ አይደለም። «የቆዳ ካንሰር የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚሉ ሁለት ሦስት አስተያየቶች ከጥያቄሽ ስር ስላየሁ ነው። ሜላኖማ እኛ ላይ እንደ ነጮቹ አይበዛም፤ ይሄ እውነት ነው። ሲመጣ ግን የሚመርጠው ውስጥ እግርን፣ መዳፍንና ጥፍር ስርን ነው። ፀሐይ የማያገኛቸውን ቦታዎች። ስለዚህ ጎግል ላይ የምታያቸው ፎቶዎች ብዙም አይረዱሽም። አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ናቸው፤ ጀርባና ክንድ ነው የሚያሳዩሽ። «የኔ ይህን አይመስልም» ብለሽ ልትረጋጊ ትችያለሽ፤ አለመምሰሉ ግን ደህና ነው ማለት አይደለም።

በሌላ በኩል ይሄን ያነበባችሁ ሁሉ ነገ ክሊኒክ እንዳትጎርፉ። ቆዳችን ላይ ያለው አብዛኛው ነገር ምንም አይደለም። እናቶቻችን ጉንጭ ላይ በዕድሜ የሚበተኑት ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች፣ አንገትና ብብት ላይ የሚንጠለጠሉት ለስላሳ ቅጥያዎች፣ ለዓመታት መልኩን ያልቀየረ ምልክት ጉዳት የላቸውም። ብዙ ጥፍሮች ላይ ከስር ወደ ላይ የሚወጣ ቀጭን ጠቆር ያለ መስመርም ጥቁር ሕዝብ ላይ የተለመደ ነው። አንድ ጥፍር ላይ ብቻ አዲስ ወጥቶ የሚወፍር፣ በተለይም ጥቁረቱ ከጥፍሩ አልፎ ቆዳውን የያዘ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። ሐኪሞች የሚጠይቁት ቀላል ነው። ሁለቱ ግማሾች አይመሳሰሉም? ጠርዙ ተዘበራርቋል? ቀለሙ አንድ ዓይነት አይደለም? ከ6 ሚሊሜትር ይበልጣል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ እየተለወጠ ነው? የኔዋ ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያምሻል ወይ?» ብላ አልነበረም። «ከመቼ ወዲህ ነው የተለወጠው?» ነበር ያለችው።

ጥቁር ያልሆነም ነገር አለ። አጎቴ ልጅ እያለ ምድጃ ውስጥ ወድቆ ጉልበቱ ስር ትልቅ ጠባሳ ነበረው። ስንት ዘመን ደርቆ የኖረ ጠባሳ በጎልማሳነቱ ቆሰለ። እየቀባ፣ እየጠቀለለ ከረመ፤ ቁስሉ አልድን ብሎ ጠርዙ እየጠነከረ ሄደ። ሆስፒታል ሲደርስ እግሩን ማዳን አልተቻለም። የቆየ የእሳት ጠባሳ እንደገና ቆስሎ አልድን ካለ ወደ ካንሰር ሊለወጥ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅነው። በገጠር በምድጃ እሳት የተቃጠለ ሰው ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። ለቤተሰብ ንገሩ። አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ደግሞ ቆዳቸው ፀሐይን የሚከላከልበት ቀለም ስለሌለው ፊታቸውና አንገታቸው ላይ ያልዳነ ቁስል ሲያዩ መቆየት የለባቸውም።

አሁን ወደ ሳሎኑ። እዚህ ላይ ቆጣ ማለቴ ነው፣ ይቅርታ። የቁልቋል ወተት ማድረግ፣ በፈረስ ጭራ ማሰር፣ በአሲድ ወይም በማሽን ማቃጠል ሁሉም አንድ ናቸው። ላዩን ያጠፉታል። ከስር የቀረ ነገር ካለ ጠባሳ ይሸፍነውና ሳይታይ ማደጉን ይቀጥላል። ሁለተኛ፣ የተቃጠለ ነገር አይመረመርም። ምን እንደነበር ከዚያ በኋላ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ክሊኒክ ውስጥም ቢሆን «ቀላል ነው፣ ቆርጠን እንጣልልሽ» የሚል ካጋጠመሽ «ለፓቶሎጂ ይላካል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ይታያል ወይ ማለት ነው። አይላክም ካሉሽ አመስግነሽ ውጪ።

«ቢላ የነካው ነቀርሳ ይቆጣል» የሚሉሽ ደግሞ አይጠፉም። እኔን ከጎረቤት እስከ መምህራን ክፍል ያልመከረኝ የለም። ናሙና መውሰድ በሽታውን አያሰራጭም። ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሰው ሁሉን ሞክሮ ሞክሮ፣ በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ሆስፒታል ይገባል፤ ይቆረጣል፤ ይሞታል። ቀባሪው የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነገር ነው፣ ቢላውን።

እናትሽን አትጋፊያቸው። እኔም እናት አለችኝ፣ ጠበል ካልሄድሽ ብላ ይዛኝ ነበር። ሄድኩ፣ ተጠመቅኩ፣ ከዚያም ሐኪም ጋ ሄድኩ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም። የነፍስ አባቷም ይህንኑ ነግረዋት ነው ልቧ ያረፈው። የአንቺም እናት የነፍስ አባት ካላቸው በእሳቸው በኩል ብታስነግሪያቸው ይቀላል።

የት ልሂድ ላልሽው፣ ከደሴ ነኝ ብለሻል፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እዚያው አጠገብሽ ነው። በቆዳ ሕክምና የቆየ ስም ያለው ነው። አዲስ አበባ ላላችሁ አለርት ሆስፒታል አለ። ከሥጋ ደዌ ሕክምና ጋር ስሙ ስለተያያዘ የሚሸሸው ሰው አለ። አትሽሹ፤ ለማንኛውም የቆዳ ችግር የሚኬድበት ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለሽ በቀጥታ አትሂጂ፤ ከጤና ጣቢያሽ ሪፈር አጽፈሽ ሂጂ፣ አለዚያ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። ጤና ጣቢያ «ምንም አይደለም፣ ይሄን ቅባት ተቀቢ» ቢሉሽ ተቀብለሽ አትውጪ። «እየሰፋ ነው፣ የቆዳ ስፔሻሊስት እንዲያየው እፈልጋለሁ» በይ። ፎቶውን አሳዪ። እየሰፋ ነው የምትለዋን ቃል ደጋግመሽ ተናገሪ፤ ካርድሽ ላይ መጻፍ ያለባት እሷ ናት።

ከመሄድሽ በፊት አንድ ነገር። እንሶስላ ሞቀሽ ከሆነ ወይም ሂና ካለብሽ ንገሪያቸው፤ ቢቻል ሳይኖርብሽ ሂጂ። ተራ ስጠብቅ ከፊቴ የነበረች አንዲት ሴት ከሰርግ የመጣች ነበረች። እግሯ ከጥፍር እስከ ተረከዝ ቀልቷል፤ ሐኪሟ ቀለሙን መለየት አቅቷት «ሲለቅ ተመለሺ» ብላ ሰደደቻት። ሌላ ወረፋ፣ ሌላ የመኪና ወጪ። የጥፍር ቀለምም አስለቅቂ፣ የእጅሽንም ጭምር፤ ሁሉንም ያያሉና።

እዚያ ምን ይደረጋል? መጀመሪያ መብራት ባላት ትንሽ ማጉያ እግርሽን ያዩታል። እሷ አታምም። ከዚያ ሌላውን ቆዳሽን፣ በጣቶችሽ መሃል፣ መዳፍሽን ያያሉ። ብሽሽትሽን ይዳስሳሉ፤ ንፍፊት መኖሩን ነው የሚፈልጉት። አትደንግጪ፣ ሁሉም ሰው ላይ የሚደረግ ነው። ካጠራጠራቸው ናሙና ይወሰዳል። እውነቱን ልንገርሽ፣ ውስጥ እግር ላይ የማደንዘዣው መርፌ ያማል። የአልጋውን ጠርዝ ጨምድጄ ነው የቻልኩት። ግን አንድ አፍታ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሲቆርጡ የሚሰማሽ መጎተት ብቻ ነው።

የተቆረጠችው ነገር ፎርማሊን (እንዳትበላሽ የሚያቆያት ፈሳሽ) ያለባት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ትገባለች። ብልቃጧን ራስሽ ይዘሽ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ እንድትወስጂ ልትደረጊ ትችያለሽ። እኔ በፌስታል አንጠልጥዬ በታክሲ ነው የወሰድኳት። የወያላው «ጠጋ ጠጋ በሉ» በዚያ ቀን እንዳስጨነቀኝ ሌላ ቀን አስጨንቆኝ አያውቅም። ከእጃቸው ስትቀበይ ስምሽ ብልቃጧ ላይ መጻፉን፣ ከወረቀቱም ጋር አንድ መሆኑን እዩልኝ ብለሽ አረጋግጪ። ክዳኑንም ጠበቅ አድርጊው። ደረሰኙን አትጣይ።

ውጤቱ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው ከባዱ። ሲመጣ ደግሞ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ታክሲ ውስጥ ገልጠሽ ጎግል አታድርጊ። ወደ ላከሽ ሐኪም ይዘሽው ተመለሺ። የኔ ሜላኖማ ነበር፣ ግን ገና ከላይኛው የቆዳ ሽፋን አልወረደም። ሐኪሟ ያስረዳችኝ እንዲህ ነው፦ ዋናው ነገር ስፋቱ አይደለም፣ ወደ ውስጥ የወረደበት ጥልቀት ነው። እሱም በሚሊሜትር ነው የሚለካው። 1 ሚሊሜትር ሳይሞላ የተያዘና ከ4 ሚሊሜትር ያለፈ በጣም የተለያየ ዕጣ አላቸው። የኔ ጥልቀቱ ገና ስላልተጀመረ ዙሪያውን ጨምረው እንደገና ቆረጡትና አበቃ። የካንሰር መድኃኒትም ጨረርም አላስፈለገኝም። በየጊዜው እየሄድኩ እታያለሁ፣ እግሬንም በየወሩ መስታወት ወለል ላይ አስቀምጬ አያለሁ።

የአንቺ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ እዚህ የጻፈው ሁሉም አያውቅም። ብዙ ጊዜ ተራ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ያን የሚነግርሽ ግን ማይክሮስኮፕ ነው።

በመጨረሻ ስለ ልጆቹ የጠየቅሽው፣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ናሙና በተወሰደበት ቀን እግርሽን ደፍረሽ አትረግጪም። ስፌቱ እስኪወጣም ውስጥ እግር ከሌላ ቦታ ይቆያል፤ ውሃ እንዳይነካው ይሉሻል፣ ብዙ መቆምም አይቻልም። ልብስ ማጠቡንና ውሃ መቅዳቱን ለሰው ስጪ፣ እህትሽ ወይም ባለቤትሽ አብሮሽ ይሂድ። ሰፊ ክፍት ጫማም በፌስታል ያዢ። ፋሻው ወፍራም ነው፣ ጠዋት አድርገሽው የሄድሽው ጫማ ማታ አይገባሽም።