ጥያቄና መልስ፦ ቅባት የፍሳሽ ቱቦን የሚደፍነው እንዴት ነው?

ጥያቄ፦ ቱቦ ውስጥ የሚገኘው ነጭ፣ ድንጋይ መሳይ ነገር የረጋ ቅባት ነው?

መልስ፦ የረጋ ቅባት ብቻ ቢሆን በሙቅ ውሃ ይቀልጥ ነበር። ቅባት ፍሳሽ ውስጥ ሲቆይ ይፈራርስና ፋቲ አሲድ ይወጣዋል። ይህ አሲድ ካልሲየም ሲያገኝ ውሃ የማያሟሟው ጠጣር ሳሙና ይሆናል። ካልሲየሙ ከውሃው ከራሱ ይመጣል፤ ከኮንክሪት ቱቦና ከማንሆል (የፍሳሽ መስመር መፈተሻ ጉድጓድ) ግድግዳም እየተሸረሸረ ይገባል። በኮንክሪት መስመር ላይ እንደ ልስን የሚጣበቀው ለዚህ ነው። የማይበጣጠስ እርጥብ ሶፍት (ዋይፕስ) ከተጨመረበት ደግሞ ጭድ እንደገባበት ጭቃ ይያያዛል። በከፍተኛ ግፊት ውሃ ወይም በመቁረጫ ካልሆነ አይነሳም።

ጥያቄ፦ እኛ የምንጠቀመው ፈሳሽ ዘይት ነው፤ አይረጋም። ታዲያ ለምን ይደፍናል?

መልስ፦ ፈሳሽ ዘይትም ሲፈርስ ያው ፋቲ አሲድ ነው የሚወጣው። አይፍሰስ።

ጥያቄ፦ ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ብናስከትልበትስ?

መልስ፦ ውሃው ሲቀዘቅዝ፣ ሳሙናው ሲቀጥን ቅባቱ ተመልሶ ይለያል፤ ያኔ ግን እጅ የማይደርስበት ቦታ ነው። ድስቱ ሳይታጠብ በወረቀት ይጠረግ።

አንድ አባል፦ ኮስቲክ ሶዳ (ቱቦ ለመክፈት የሚጨመረው ኃይለኛ ኬሚካል) ሁሉንም ይጨርሰዋል።

ሌላ አባል፦ የተዘጋ ቱቦ ውስጥ ሲቀር እኮ ራሱ ይጋገራል!

የመጀመሪያው አባል፦ በፈላ ውሃ ከተበጠበጠ አይጋገርም።

መልስ፦ በፈላ ውሃ በፍጹም! ሶዳው ውሃ ሲነካ ራሱ በኃይል ይግላል፤ ፈልቶ ፊት ላይ ይረጫል፣ ዓይን ያጠፋል። በተዘጋ መስመር ላይ አይጨመር፤ ከአሲድ ጋርም አይገናኝ። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ቅባት የሚሰብር ኤንዛይም ብንጨምርስ?

መልስ፦ ቅባቱን ወደ ፋቲ አሲድ ይሰብረዋል። ቀጥሎ የሚሆነው ከላይ ተጽፏል።

ጥያቄ፦ የቅባት ማጥመጃው (ፍሳሹ መስመር ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቅባቱን ለይቶ የሚያስቀረው ሳጥን) በስንት ጊዜ ይጠረግ?

መልስ፦ በዘንግ ለክተው ይወስኑ። የተንሳፈፈው ቅባትና የዘቀጠው ደለል ተደምሮ የጥልቀቱን ሩብ ሲይዝ ይጠረጋል፤ 60 ሴንቲሜትር ከሆነ 15 ላይ ማለት ነው። ካለፈ ውሃው የሚቆይበት ጊዜ ያጥርና ቅባቱ ሳይለይ ያልፋል። ከተጠረገ በኋላ በንጹህ ውሃ ይሞላ፤ መውጫው ከታች ስለሚስብ ባዶ ከተተወ የመጀመሪያው ቅባት በቀጥታ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በየሳምንቱ ሙቅ ውሃ ባፈስስ?

መልስ፦ ተመልሷል።

ጥያቄ፦ ቱቦዬ ይደፈናል፤ ምን ላድርግ?

መልስ፦ የትኛው ቱቦ? ስፋቱ ስንት ነው? የሚደፈነው የት ላይ ነው? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ከሆነ ቱቦው እዚያ ሰጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ውሃ በተኛበት ቅባት ይከማቻል። የ50 ሚሊሜትር ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ይውረድ። የሰጠመው ክፍል ተቆፍሮ ካልተቃና፣ ቢታጠብም ተመልሶ ይዘጋል። እስከዚያ ዘይት አይፍሰስበት።