ከዎርድ ወደ ንጹሕ ኤችቲኤምኤል

በዎርድ ያዘጋጁት ሰነድ ወደ ኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ኮድ) ሲቀየር ኮዱ ለምን ዝብርቅርቁ እንደሚወጣ ጠይቀዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመቀየሪያው ሳይሆን የሰነዱ ነው። ርዕሱን ፊደል አተልቀውና አድምቀው ብቻ ከሠሩት፣ ፕሮግራሙ ርዕስ መሆኑን በምን ይወቅ? ለእሱ ደመቅ ያለ አንቀጽ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» የሚሉትን ስታይሎች (የዎርድ ዝግጁ የጽሑፍ ቅርጾች) ይጠቀሙ። የዝርዝር ቁጥር በእጅ አይጻፉ። በባዶ መስመር ክፍተት መፍጠርም ይቅር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ፤ እኔም አንዴ ሙሉ ቀን ፈጅቶብኛል።

ከዚያ ፓንዶክን ይሞክሩ፤ ሰነድን ከአንድ ዓይነት ፋይል ወደ ሌላ የሚቀይር፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። በነጻ ይገኛል። አወቃቀሩን ይወስድና የፊደል ዓይነትና መጠኑን ይጥለዋል። መልኩን በኋላ በሲኤስኤስ (የድረ ገጽን መልክ በሚወስነው ኮድ) ለብቻው ይሰጡታል። ምስሎች ካሉ «ኤክስትራክት ሚዲያ» የሚለውን አማራጭ በትእዛዙ ላይ ይጨምሩ፤ ወደ ፎልደር ያወጣቸዋል። ዎርድ ራሱ «ፊልተርድ» ብሎ የሚያስቀምጠው ኤችቲኤምኤል ተራ ድረ ገጽ አድርጎ ከሚያስቀምጠው ይሻላል፤ ግን እሱም ትርፍ ስታይል አያጣውም።

ያለዎት ፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ፓንዶክ ፒዲኤፍ ያወጣል እንጂ አያነብም። እንደምንም ብለው ዋናውን የዎርድ ፋይል ይፈልጉት።