የተበላሸች የስፌት መኪና ትጠገን ወይስ ትለወጥ? ጥያቄና መልስ

በስፌት መኪና ጥገና ሥራ ረጅም ዓመታት ስለቆየሁ፣ «ላስጠግን ወይስ ሌላ ልግዛ?» ብላችሁ የተቸገራችሁ ሁሉ እንድትጠይቁኝ ጋብዤ ነበር። የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። ውሳኔውን የሚሰጠው የመኪናዋ ዕድሜ ሳይሆን የተበላሸው ክፍል ምንነትና የመለዋወጫው መገኘት መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ያዙልኝ።

ጥያቄ፦ ከእናቴ የወረስኳት በእግር የምትሠራ ሲንጀር ለዓመታት ቆማ በመክረሟ መዘውሯ ጨርሶ አልዞር አለ። ያሳየሁት ባለሙያ «ለብረት ገዢ ሽጪያትና አዲስ ግዢ» አለኝ። ልስማው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቢያንስ አሁን አይስሙት። ቆማ የከረመች መኪና አልዞር የምትለው አብዛኛውን ጊዜ ተሰብራ ሳይሆን፣ ዘይቷ እንደ ሙጫ ረግቶባት ወይም ከቦቢኑ (የታችኛው ክር ከሚጠቀለልበት ዕቃ) ሥር ክር ተጠምጥሞባት ነው። መጀመሪያ ቦቢኑን ከነቤቱ አውጥተው የተጠመጠመውን ክር በወረንጦ ይልቀሙ። ከዚያም ቺንጋውን አውልቀው በዘይት ቀዳዳዎቿ ሁሉ ጥቂት ጥቂት ነጭ ጋዝ ያንጠባጥቡ፤ ይህን የሚያደርጉት ግን እሳት በሌለበትና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሁን። አንድ ሌሊት ካሳደሯት በኋላ መዘውሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በቀስታ ያወዛውዙት እንጂ በጉልበት አያስገድዱት፤ ካልተላቀቀ በማግስቱ ይድገሙት። መዞር ስትጀምር ጋዙን በጨርቅ ጠርገው የስፌት መኪና ዘይት ይስጧት። የምግብ ዘይት ግን ፈጽሞ አይጨምሩባት፤ ውሎ ሲያድር ደርቆ የሚጣበቅ በመሆኑ ብዙ ደህና መኪኖችን ያስቆመ እሱ ነው።

ፍርዱ የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። መዘውሩን ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይነቅንቁት፤ መርፌ የሚሰካበትንም ዘንግ ወደ ጎን ይሞክሩት። ጎልቶ የሚታይ መነቃነቅ ከሌለና የብረት አካሏ ካልተሰነጠቀ መኪናዋ ገና ብዙ ትሠራለች። ስንጥቅ ካገኙባት ግን ብየዳው ልኳን ስለሚያዛባው ገንዘብዎን አያውጡባት። ሲንጀር በስኮትላንድ ክላይድባንክ የነበረውን ትልቅ ፋብሪካውን የዘጋው በ1980 (እ.ኤ.አ.) ቢሆንም፣ ክብ ቦቢን ለሚጠቀመው 15 ቁጥር ለተባለው ዓይነት መርፌውም ቦቢኑም ዛሬም ድረስ ይመረታል። የእርስዎ መኪና ረጅምና ቀጭን ቦቢን የሚገባባት የጥንቷ ዓይነት ከሆነች መለዋወጫዋን ማግኘት ስለሚከብድ፣ የቦቢኑን መያዣ እንዳይጠፋብዎ አጥብቀው ይጠብቁት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ስፌት ትዘላለች። ሠሪው «ዕድሜዋን ጨርሳለች» ይለኛል።

መልስ፦ ስፌት መዝለል ብቻውን አዲስ መኪና ለመግዛት ምክንያት አይሆንም። በቅድሚያ መርፌውን በአዲስ ይለውጡ፤ ውፍረቱም ከጨርቁ ጋር ይስማማ፤ ለስስ ጨርቅ 70 ወይም 80፣ ለጂንስ 100 ወይም 110 ቁጥር ተገቢ ነው። የቤት መኪና መርፌ አናቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ሲሆን የኢንዱስትሪው ግን ሙሉ ክብ ነው፤ ሁለቱ ተቀይረው ሲገቡ መኪናዋ ጤነኛ ሆና ሳለ የታመመች ትመስላለች። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ችግሩ ከቀጠለ፣ መርፌው ከታች ተነስቶ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ከፍ ሲል ክሩን የሚይዘው መንጠቆ በሰዓቱ እየደረሰ አለመሆኑን ያመለክታል። ይህም ቢሆን ብሎን አላልቶ በማስተካከል የሚታረም እንጂ መኪና የሚያስጥል አይደለም።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የላከልኝን መኪና ሶኬት ላይ ስሰካት ጨሰች፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅ የላትም። ትድናለች?

መልስ፦ በአሜሪካ የቤት መብራት 110 እስከ 120 ቮልት ሲሆን በኢትዮጵያ 220 ነው፤ እጥፉን ስለተቀበለች ነው የጨሰችው። መኪናዋ የስፌት ዓይነት በእጅ በሚዞር መምረጫ ብቻ የሚመረጥባት፣ ሞተሯም በውጭ በኩል በብሎን የታሰረ ከሆነ ባለ 220 ቮልት ሞተር ከነፔዳሉ ገዝተው ያስቀይሩላት፤ አምፖሏንም አይርሱ፤ ከዚያ በኋላ ያለ ትራንስፎርመር ትሠራለች። የስፌት ዓይነት በቁልፍ የሚመረጥባትና ስክሪን ያላት ከሆነች ግን የተቃጠለው የኤሌክትሮኒክስ ቦርዷ ሊሆን ይችላል። ቦርድ ከአንዱ ሞዴል ወደ ሌላው ስለማይገጥም ከውጭ ማስመጣት ይጠይቃል፤ በእኔ አስተያየት እንዲህ ያለችውን ለመለዋወጫ ሸጦ ሌላ መግዛት ይሻላል። ገና ልትልኩ የምታስቡ ዘመዶች ደግሞ፣ እባካችሁ ከመኪናዋ ጀርባ ወይም ከሥሯ የተለጠፈውን የቮልት ቁጥር ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡ።

ጥያቄ፦ በባትሪ የምትሠራ ትንሽ የፕላስቲክ መኪና የውስጥ ማርሽ ጥርሶቿ ተበሉ።

መልስ፦ ይተዋት። የእጅ ዋጋው ብቻ ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ በልብስ ስፌት ሱቄ ያለችው የኢንዱስትሪ መኪና ሞተር ይጮኻል፣ መብራትም ይበላል። መኪናዋን ልለውጣት?

መልስ፦ መኪናዋን ሳይሆን ሞተሯን ብቻ ይለውጡ። የቀድሞው ክላች ያለው ሞተር ማብሪያው ከተጫነ ጀምሮ እርስዎ ባይሰፉም እንኳ ሲሽከረከር ይውላል፤ ሰርቮ የሚባለው ግን ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ ስለሚዞር ጩኸቱም የመብራት ሒሳቡም ይቀንሳል፤ ፍጥነቱም ስለሚመጠን ለተማሪ ሠራተኛ ይመቻል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከሆኑ ደግሞ በእግር የምትሠራውን አሮጌ መኪና ከሱቁ አያውጧት።

ጥያቄ፦ የጥገናው ዋጋ ስንት ሲሆን ነው «በቃ» የሚባለው?

መልስ፦ የእኔ መለኪያ፣ የጥገናው ዋጋ ተመሳሳይ ያገለገለች መኪና ከምትሸጥበት ግማሽ ካለፈ ቆም ብሎ ማሰብ ነው። በመኪናዋ ለሚተዳደር ሰው ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ መኪናዋ ጥገና ላይ የምትቆይባቸው ቀናት የሚያሳጡት ገቢም ይታሰብ። እንቁጣጣሽ ወይም ፋሲካ ሲቃረብና ሥራ ሲበረታ፣ ያለችዎትን አንዲት መኪና ሊቆይ ለሚችል ጥገና አይስጡ፤ ትልቁን ጥገና ከበዓሉ በኋላ ያድርጉት። ዋጋውን ከመፈታቷ በፊት ይነጋገሩ፤ የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ መልሰው ይቀበሉ፤ ታማኝ ሠሪ በዚህ አይቀየምም።

ጥያቄ፦ ያገለገለች መኪና መርካቶ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ የራስዎን ክር፣ አንድ ስስ ጨርቅና አንድ ጂንስ ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ ባዘጋጀው ቁራጭ ላይ ብቻ የተሞከረች መኪና ገና አልተሞከረችም። አስቀድመው መዘውሩን በእጅዎ አዙረው የሚይዝ ቦታ እንዳለው ይሰሙ፤ ከዚያ ሁለቱንም ጨርቅ እጥፍ አድርገው ይስፉ፤ የስፌቱንም ፊትና ጀርባ ያስተያዩ። ከሥር ክሩ ከተንጋጋ ብዙ ጊዜ የላይ ክር ማጥበቂያው ነውና እዚያው እንዲያስተካክል ይጠይቁት፤ ማስተካከል ካቃተው አይግዙ።