መልስ፦ «ዩልዮስ» የቄሳር አባት ስም ነው ወይ?

አይደለም። የጥንቱ የሮማ መሪ ሙሉ ስም ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ነው፦ ጋይዮስ የራሱ መጠሪያ ነው፣ ዩልዮስ የጎሳው፣ ቄሳር ደግሞ በጎሳው ውስጥ ያለው የቤተሰቡ ስም። እኛ ከስም ቀጥሎ አባትን ስለምንጠብቅ ነው ግር ያለህ። አባቱማ ራሱ ጋይዮስ ዩልዮስ ቄሳር ነው የሚባለው! አባትየውን መጥቀስ ሲፈልጉ ሮማውያን ከጎሳው ስም ቀጥለው «የጋይዮስ ልጅ» የሚለውን ያስገቡ ነበር፤ ድንጋይ ላይ ሲቀርጹት ግን በሁለት ፊደል ብቻ ያሳጥሩት ነበር።

የቄሳርን የዘር ሐረግ ስትሠራ ሴቶቹ ላይ በደንብ ተጠንቀቅ። የሮማ ሴት ልጅ የምትጠራው በጎሳው ስም የሴት ቅርጽ ነበር፣ ከዩልዮስ ዩልያ፤ ስለዚህ የቄሳር አክስት ዩልያ፣ ሁለቱ እህቶቹ ዩልያ፣ ልጁም ዩልያ። እኔ አክስቱን ከልጁ ጋር ቀላቅዬ ሐረጉን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ሠርቻለሁ። ከእያንዳንዷ ስም ጎን ባሏን ጻፍ፦ የሮማው ጦር መሪ የማርዮስ ሚስት አክስቱ፣ የሌላው ጦር መሪ የፖምፔዮስ ሚስት ልጁ ናት።