ከዋርድ ለመሸሽ ብላችሁ አትማሩ

ወጣት ነርሶች ሲያገኙኝ «ሲስተር፣ ምን ብማር ይሻለኛል?» ይሉኛል። ቶሎ አልመልስም። «ምን ሆነሽ ነው?» እላለሁ በመጀመሪያ። ቡና ይዘን ትንሽ ስንቆይ እውነቱ ይወጣል። ሄድ ነርሷ ናይት እየደጋገመች ትመድባታለች። ወይም አንድ ሬዚደንት፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም፣ አስታማሚ ፊት ጮኾባታል። ወይም የዲዩቲ (የትርፍ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያ ሳይገባ ወራት አልፈዋል። ማስተርሱ የተፈለገው ከዚህ ሁሉ ለመገላገል ነው።

እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጡረተኛ ሹመትም ዝውውርም ስለማይጠብቅ እንደ ልቡ ይናገራል። በንዴት የተመረጠ ትምህርት ንዴቱ ሲበርድ ይሰለቻል። ክፍያው ግን ይቀጥላል።

ችግራችሁን አሳንሼ የማይ እንዳይመስላችሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደሞዝና ስለ ኑሮ ድምፃቸውን ያሰሙት ያለ ምክንያት አይደለም። የነርስ ደሞዝ የቤት ኪራይ ከተከፈለበት በኋላ ወር አያደርስም። ጓንትና ካኑላ ጠፍቶ አስታማሚን ውጭ ፋርማሲ መላክ፣ ከዚያ ደግሞ የአስታማሚን ስድብ መቀበል፣ ይሄ ሁሉ አለ። ይሄን የሚያስተካክለው መንግሥትና አስተዳደር ነው፤ በእናንተ ጥንካሬ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም። እኔ የምጽፈው ግን እስኪስተካከል ድረስ እናንተ ዕድሜያችሁን ምን ላይ እንደምታውሉት ነው።

መጀመሪያ የተጣላችሁት ከማን ጋር እንደሆነ ለዩ። ከአንድ ሰው ጋር ከሆነ ክፍል መቀየር ይበቃል። ከሰርጂካል ዋርድ (የቀዶ ሕክምና ሕሙማን ከሚተኙበት ክፍል) ወደ ሕፃናት ክፍል ተዛውሮ ሌላ ሰው የሆነ ነርስ ብዙ አይቻለሁ። ከተቋሙ ጋር ከሆነ ሌላ ተቋም አለ። ከነርስነቱ ጋር ከሆነ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ይህን የምትለዩት በከፋ ናይት ማግስት አይደለም፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ሁሉንም ነገር ይጠላል። የሰው ኃይል ተሟልቶ፣ መድኃኒቱም ኖሮ፣ ሥራው በሥርዓት በሄደበት ቀን ራሳችሁን ጠይቁ። በዚያ ቀንም ሥራው ካስጠላችሁ፣ ቁስል ማጠብ፣ በሽተኛ ማገላበጥ፣ ሌሊት መንቃት ከውስጣችሁ ካልተቀበላችሁት፣ ሌላ ሙያ ፈልጉ። ነውር የለውም። በግድ የሚሠራ ነርስ በሽተኛውንም ይጎዳል።

በዚያ ቀን ሥራው ደስ ካላችሁ ግን ከበሽተኛው አልጋ የሚያርቃችሁን ትምህርት ለምን ትመርጣላችሁ?

ጎበዝ ነርስ ሁሉ ወደ ኤምፒኤች፣ ወደ ኅብረተሰብ ጤና ማስተርስ፣ ሲነጉድ ዓመታት ሆኑት። ኤምፒኤች መጥፎ ትምህርት ነው አላልኩም። የወረርሽኝ ክትትል፣ የጤና መረጃ፣ የወረዳ ጤና ሥራ ለሚወድ ሰው ትክክለኛው ቦታ ነው። አብዛኛው ሰው የሚገባበት ግን ኤንጂኦ ይቀጥረኛል ብሎ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ድንገት ሲቆም ምን እንደሆነ አይታችኋል። በዚያ ገንዘብ ተቀጥረው የነበሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ባለሙያዎች ኮንትራት ተቋረጠ። በዚያው ወቅት ጥሩ የኦፕሬሽን ክፍል ነርስ ወይም አይሲዩ (የፅኑ ሕሙማን ክፍል) የሚያውቅ ነርስ ሥራ ፈልጎ አጣ ሲባል እኔ አልሰማሁም።

ስለዚህ የነርሲንግ ስፔሻሊቲዎችን ተመልከቱ። ድንገተኛና ፅኑ ሕሙማን፣ ኦፕሬሽን ክፍል፣ የጨቅላ ሕፃናት፣ የሕፃናት፣ የአእምሮ ጤና። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አድልዎ አለብኝ። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ፣ ክብደቱ ከ1,500 ግራም በታች የሆነ ሕፃን ሲታመም አያለቅስም። ዝም ይላል። ሰውነቱ ከ36.5 ዲግሪ በታች ሲወርድ፣ ስኳሩ ሲቀንስ፣ ትንፋሹ ቆም ብሎ ሲነሳ የሚያየው አጠገቡ ያለው ነርስ ነው። ሐኪሙ እስኪጠራና እስኪመጣ ድረስ ሕፃኑን ማሞቅ፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ማድረግ፣ የሚገባውን ፈሳሽ በትክክል መለካት የነርሱ ሥራ ነው። የሚያውቅ ነርስ ባለበትና በሌለበት ክፍል መካከል ያለው ልዩነት የሕፃን ሕይወት ነው። ይሄ ዕውቀት ከእጃችሁ ማንም አይነጥቀውም፤ የትም አገር ብትሄዱ ደግሞ ይፈለጋል።

የአእምሮ ጤናንም ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አማኑኤል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች ወደየክፍለ ሀገሩ ተመልሰው የሕክምና ክፍል ከፈቱ። የሥነ አእምሮ ሐኪም በጣት በሚቆጠርበት ጊዜ በሽተኛ ሲያዩና መድኃኒት ሲሰጡ የነበሩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ ስለ ነርስ ሥልጣን ስትከራከሩ ይሄን ታሪክ አንሱ።

ነርስነት ዝቅ ያለ ሥራ ነው የሚል ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ስለ ልዕልት ፀሐይ ንገሩት። የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በስደት ለንደን በነበሩበት ጊዜ ነርስነት ተምረው በሙያው ሠርተዋል። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ሲሞቱ መታሰቢያ የሆናቸውም ሆስፒታል ነው። ዛሬ ጦር ኃይሎች የምንለው። (ወንዱን ነርስ «ዶክተር»፣ ሴቷን ሐኪም «ሲስተር» የሚለው አስታማሚ ግን በምንም ታሪክ አይታረም። ተውት።)

ትምህርት ቤት ስትመርጡ ሕንፃውን አትዩ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና መኖሩን ለኮሌጁ በአጠቃላይ ሳይሆን ለምትማሩት ፕሮግራምና ለዚያው ካምፓስ አጣሩ። አንዱ ቅርንጫፍ ፈቃድ ኖሮት ሌላው የሌለበት አጋጣሚ አለ። ቀጥሎ «ልምምድ የምታስወጡን የት ሆስፒታል ነው? ስንት ተማሪ አንድ ላይ ይገባል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሬጅስትራሩ ከተንተባተበ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ። አይሲዩ ሳይገቡ በአይሲዩ የተመረቁ ልጆች አጋጥመውኛል፤ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ፊት ሲቆሙ የሚያሳዝኑት እነሱ ናቸው። ሲፒዲም (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና) ለፈቃድ ዕድሳት ሲደርስ የምትሰበስቡት ወረቀት አይሁን። ክፍላችሁ ውስጥ በየቀኑ የሚያጋጥማችሁን ርዕስ ምረጡ።

አሁን ወደዚያ ወደሚጮኸው ሐኪም እንመለስ። ጩኸት ተቀበሉ አልልም። ግን እኛም የምንጠራበት መንገድ አለ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ደውላችሁ «ዶክተር፣ በሽተኛዋ ደስ አላለችኝም» ካላችሁ የተኛ ሰው ምን ያድርግ? «አልጋ 7፣ ትናንት በኦፕሬሽን የወለደችው፣ ደም ግፊቷ 80 በ50 ነው፣ ፐልሷ 130፣ ፓዷ በግማሽ ሰዓት ሁለቴ ረጥቧል፣ ፈሳሽ ከፍቻለሁ፣ አሁኑኑ ይምጡ» በሉ። እንዲህ ለተናገረች ነርስ የሚጮኽ ሰው ጥቂት ነው። ቢጮኽም የደወላችሁበትን ሰዓት፣ ያላችሁትንና የተመለሰላችሁን ቻርት ላይ ጻፉ። ስሜት ሳይገባበት፣ ሰዓቱና ቃሉ ብቻ። ነገር ከመጣ የሚያወጣችሁ እሱ ነው። ጓደኛ ምስክር እሆናለሁ ብሎ በማግስቱ አላየሁም ሊል ይችላል።

በቃል የተሰጠ ትእዛዝ ድገሙና አረጋግጡ፤ ከዚያ አስፈርሙ። ስህተት የመሰላችሁን መድኃኒት አትስጡ። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበጠበጥ በቀጥታ በደም ሥር ከተገፋ ልብ ያቆማል፤ ያዘዘው ፕሮፌሰርም ቢሆን እንዲሁ ነው። «ይህን መስጠት አልችልም፣ እርስዎ ይዩት» ማለት ድፍረት አይደለም። ሥራችሁ ነው።

ከአለቃ የሚመጣ ትንኮሳ ሌላ ነው። እጁን የሚሰድ፣ በናይት ምደባ የሚያስፈራራ ወይም የሚደልል ሰው ካለ ለብቻችሁ አትያዙት። ቀኑንና ቃሉን ጻፉ፣ ለምታምኗት ሲኒየር ንገሩ፣ በጽሑፍ አመልክቱና ኮፒውን አስቀሩ።

ስለ መርፌ አንድ ነገር። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ክዳኑን መልሳችሁ አትክደኑት፤ በቀጥታ ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጣሉት። ከወጋችሁ ጣታችሁን እየጨመቃችሁ አታድሙት። በውኃና በሳሙና እጠቡና ወዲያው ሪፖርት አድርጉ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ እንኳ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። ልጆች ሐሜት ፈርተው ይደብቃሉ። ሐሜት ያልፋል። ሄፓታይተስ ቢ (ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ) ግን ብዙዎቻችሁ የረሳችሁት ነው፤ ከኤችአይቪ ይልቅ በመርፌ በቀላሉ የሚተላለፈው እሱ ነው። በአገራችን የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት ከተወለዳችሁ በልጅነታችሁ አልወሰዳችሁም ማለት ነው። ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ አንዱ ዛሬ፣ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ሆስፒታሉ ካላቀረበላችሁ ጠይቁ። ካልሆነ ከኪሳችሁም ቢሆን ውሰዱት። ጫማ ከመግዛት ይቀድማል።

በግል ክሊኒክና ሆስፒታል የምትሠሩት የሚገዛችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። አንብቡት፤ አማርኛው አይከብድም። መደበኛ ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አያልፍም፤ «ስድስት ወር ሙከራ ላይ ነሽ» ብሎ ነገር የለም። ትርፍ ሰዓት ከንጋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ደግሞ በአንድ ከሦስት አራተኛ ተባዝቶ ይከፈላል። የወሊድ ፈቃድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀን ነው። አለቃችሁን በአዋጅ ቁጥር አስፈራሩት አልልም፤ እንዲያ ያደረገ ብዙ አይቆይም። ግን ኮንትራት ስትፈርሙ ምን እንደምትፈርሙ እወቁ። ኦርጅናል ዲግሪያችሁን ለማንም ቀጣሪ መያዣ አትስጡ። ኮፒ ይበቃል። ኦርጅናሉን ካላስቀመጥሽ አልቀጥርም የሚል ሰው ስትለቁ እንዴት እንደሚያደርጋችሁ ከአሁኑ እየነገራችሁ ነው።

ውጭ አገር መሄድ የምትፈልጉ አላችሁ። አልፈርድባችሁም። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች ሜሪላንድም ዱባይም አሉ። ወደ አረብ አገር በነርስነት ለመሄድ ፈቃድና የሥራ ልምድ ይጠየቃል፤ ማስረጃችሁ ዳታፍሎው በሚባል አጣሪ ድርጅት ይጣራል፣ ፕሮሜትሪክ የሚባል በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተናም አለ። «በቤት ሠራተኛ ቪዛ ግቢና እዚያ ወደ ነርስነት ትቀይሪያለሽ» የሚል ደላላ ውሸታም ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤ ስታስጽፉ የሠራችሁበት ክፍል፣ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነና ሙሉ ጊዜ መሆኑ ይገለጽ። ቅር ብሏችሁ ብትለቁም ክሊራንሳችሁን (የርክክብ ወረቀታችሁን) ጨርሳችሁ ውጡ። ከዓመታት በኋላ አጣሪው ሲደውል ስልኩን የሚያነሳው ያ የተጣላችሁት ሰው ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ በዲቪ ወይም በቤተሰብ የምትሄዱ ደግሞ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆናችሁ ትጀምሩ ይሆናል። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ ቤት ኪራይ ይከፍላል። አደጋው ሁለት ሥራ ይዛችሁ እዚያው መቅረታችሁ ነው። እንግሊዝኛው ሲሻሻል እፈተናለሁ እያሉ ዓመታት የሄዱባቸውን አውቃለሁ። ኤንክሌክስ የሚባለው የአሜሪካ የነርስ ፈቃድ ፈተና ቢያንስ 85፣ ቢበዛ 150 ጥያቄ ነው። የሚፈትነው ሽምደዳ ሳይሆን «ከእነዚህ አራት በሽተኞች ማንን ቀድመሽ ታያለሽ?» የሚለውን ነው። ዋርድ ውስጥ በደንብ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል፤ የሚያስቸግረው ቋንቋውና አጠያየቁ ነው።

ከሁሉም የሚያዘገየው ግን ወረቀቱ ነው። ማስረጃ የሚመዝነው ድርጅት ትራንስክሪፕቱን ከእናንተ እጅ አይቀበልም፤ ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል። የቲዎሪና የልምምድ ሰዓቱም ተዘርዝሮ ነው የሚጠየቀው። ኮሌጁ ከተዘጋ ወይም ስሙ ከተቀየረ ፋይላችሁን የያዘውን አካል ከሩቅ ሆኖ መፈለግ አሳር ነው። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሬጅስትራር ቢሮ ሂዱ። የስማችሁ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፓስፖርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዩ፤ የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለያይ ወራት ትበላለች። የኮርስ ዝርዝሩን ማኅተም አስመትታችሁ ኮፒ ያዙ። እዚያ የሚሠራውን ሰው ስምና ስልክም መዝግቡ፣ ወኪል የሚሆናችሁ ወንድም ወይም እህት ካለም የውክልና ሰነድ አስፈጽማችሁ ሂዱ።