አዲስ የጋራ የሥራ ቦታ፦ የመጀመሪያዎቹ አባላት ከየት ይምጡ? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ለ40 ሰው የሚሆን ቦታ ተከራይተን ዕቃ እያስገባን ነው። እየከፈለ የሚሠራበት አባል መፈለግ መቼ እንጀምር?

መልስ፦ ዘግይታችኋል። ሰው የሚሰበሰበው ቁልፉ ከመምጣቱ ሦስት ወር ቀድሞ ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ከ3 እስከ 9 ሰዓት እንበል፣ በተውሶ አዳራሽም ቢሆን አብራችሁ ሥሩ። ቀኑን አትቀያይሩ። አራት ሳምንት ሳያቋርጡ የመጡት መሥራች አባሎቻችሁ ናቸው። ፕሮግራመሩ ብራድ ኑበርግ እ.ኤ.አ. በ2005 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኮወርኪንግ ያለውን የጋራ የሥራ ቦታ ሲጀምር በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይከፍት ነበር፤ የመጀመሪያውን ወር ማንም አልመጣለትም።

አሁን ደግሞ 40ውን ወንበር አትዘርጉ። አንድ ክፍል ክፈቱ፣ 10 ወንበር አስገቡ፣ የቀረውን ቆልፉ። ስድስት ሰው በ10 ወንበር ላይ ሲቀመጥ ቤቱ ሞቅ ይላል። እነዚያው ስድስቱ በ40 መሀል ከተበተኑ እንግዳው ከበር ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያውን ወር ነፃ ብናደርግስ?

መልስ፦ አታድርጉ። የሙከራ አንድ ቀን ይበቃል፣ እሱም ቀን ተቆርጦለት። ለመጀመሪያዎቹ 15 ሰዎች ቅናሽ ስጡ፤ ዋጋው ለ12 ወር እንደማይጨምር በጽሑፍ ይስፈር፣ ክፍያው በቅድሚያ ይሁን። 15ኛው ሲመዘገብ ቅናሹ ይዘጋ።

ሌላ ተሳታፊ፦ ባዶ ወንበር ምን ያስገባል? ሁለት ሳምንት ነፃ ቢሆን ምን ይጎዳል?

ሌላ ተሳታፊ፦ ከፋዩን ታጣለህ ወንድሜ። ጎረቤቱ በነፃ መቀመጡን ያወቀ ዕለት ገንዘቤን መልሱ ይላል።

ሌላ ተሳታፊ፦ እንግዲያው ለሁሉም ነፃ ይሁን!

መልስ፦ በ15ኛው ቀን ሁሉም ተያይዞ ይወጣል። ክርክሩ እዚህ ላይ ይብቃ።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔቱ ምን ያህል ፍጥነት ይኑረው?

መልስ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ጥራት ያለው የቪዲዮ ስብሰባ ለአንድ ሰው በሰከንድ እስከ 4 ሜጋቢት ይፈልጋል፣ ለመላክም ለመቀበልም። 15 ሰው እኩል ሲሰበሰብ 60 ሜጋቢት ነው። ብዙዎቻችሁ የምታዩት የዳውንሎዱን (የመቀበያውን) ቁጥር ነው፤ የእናንተ ድምፅ ለሌላው የሚቆራረጠው ግን አፕሎዱ (የመላኪያው) ሲያንስ ነው። ሁለት መስመር ከሁለት አቅራቢ አስገቡ፣ አንዱ ሲቋረጥ ራውተሩ በራሱ ወደ ሌላው እንዲያዞር አድርጉ። ከመክፈታችሁ በፊት 10 ሰው ጋብዛችሁ ሁሉም በአንድ ጊዜ በቪዲዮ ይደዋወሉ። በሙከራ ቀኑ መስመር የተቋረጠበት ሰው ምክንያቱን ሳይነግራችሁ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የቡና ማሽን የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ ጥገናው ቀላል የሆነው። አባል በማሽን አይመጣም።

ጥያቄ፦ ማስታወቂያ እንዴት እንሥራ?

መልስ፦ ለማን? ለፕሮግራመር? ለሒሳብ ባለሙያ? ለይታችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት 25 ወንበር ልውሰድ ብሎናል።

መልስ፦ ከሲሶ በላይ አትስጡት። የወጣ ዕለት ቤቱ ባዶ ይሆናል፤ እስከዚያም ሌላው አባል በሰው ቢሮ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎች ብቻ የመጀመሪያው ወር ነፃ ቢሆንስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል። ነፃ አትስጡ። ለተማሪ ዋጋው ዝቅ ይበል፣ ግን ይክፈል።

ጥያቄ፦ ጎብኝተው «እናስብበት» ብለው ይጠፋሉ።

መልስ፦ አዙራችሁ እያሳያችሁ ብቻ ስለምትሸኙ ነው። ከመምጣቱ በፊት ሥራውን ጠይቁት፤ ሲመጣ ሥራው ከሚቀራረብ አባል ጋር በስም አስተዋውቁት። ላፕቶፑን ከፍቶ ዋይፋዩን ይሞክር። ስልክ ማውሪያው ክፍል ውስጥ አስገቡትና በሩን ዝጉ፤ የውጪው ድምፅ ይገባ አይገባ እንደሆነ በጆሮው ይስማ። የሙከራ ቀኑን ሳይወጣ ቀጠሮ አስይዙት፣ በማግስቱም ደውሉለት።